ለጋምቤላዋ መኪና ማን ይፈርም?

እ.ኤ.አ. የ2003ን ክረምት የሪያል ማድሪድ ደጋፊ አይረሳውም። ፕሬዚዳንቱ ፍሎረንቲኖ ፔሬዝ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አስመጡና በዚያው ሰሞን ደሞዜ ይሻሻልልኝ ሲል የነበረውን ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጡት። ያኔ ዚነዲን ዚዳን ተናገረው እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነገር አለ። የቤንትሌው ሞተር ወጥቶ እየተሸጠ አካሉን በወርቅ ደራርቦ መቀባት ምን ይረባል የሚል ነው። የሆነውም ይኸው ሆነ። ማድሪድ የላሊጋውን ዋንጫ ዳግም ለማንሳት እስከ 2007 መጠበቅ ግድ አለው። ቼልሲ በበኩሉ ማኬሌሌን መሃል ሜዳ ላይ ተክሎ የ2005 እና የ2006ን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በተከታታይ በላ።

ይህ ለኳስ ሰው ምሳሌ ነው። በጓሮው የስፖርት መኪና ለሚሠራ ሰው ግን ምሳሌ ሳይሆን ራሱ ጉዳዩ ነው። ቀለሙ፣ ጎማው፣ ጣሪያ አልባው አካል የተመልካችን ዓይን ይስባሉ። መኪናዋን የሚያሸንፋት ወይም የሚያሸንፍላት ግን ከኋላ ተደብቆ የሚለፋው ሞተር ነው።

እንበልና ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ ባለ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለች መኪና ሠራ። ብረቱን ራሱ በየደ፣ አካሉን ራሱ ቀጠቀጠ። መኪናዋም ነዳች፤ ሰፈሩም ጉድ አለ። ከዚያ በአንዱ የመጋቢት ቀትር የቮልሱ ሞተር ቀጥ አለ። ልጁ እጅ ላይ ያለው ገንዘብ አንድ ሞተር ብቻ ይገዛል። የዝውውር መስኮቱ አንዴ ነው የሚከፈተው። ከተሳሳተ መኪናዋ የዶሮ ቤት ትሆናለች፤ እሱም "ድሮስ ምን ያደርግልኛል ብዬ" እያለ ይኖራል። ታዲያ ማንን ያስፈርም?

ነገሩ ቅዠት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አስመላሽ ዘፈሩን ያስታውስ። የጤና ባለሙያው አስመላሽ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተምሮ አውሮፕላን ሠርቷል፤ ለዚያ አውሮፕላን የመረጠው ሞተርም አገልግሎት ላይ የዋለ የቮልስ ሞተር ነበር። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልሰመረም። ሰውየው ግን ሞተር ከየት እንደሚገኝ ሲያስብ ዓይኑን የጣለው በሀገሩ ጋራዦች በሚታወቀው ላይ እንጂ በህልም ላይ እንዳልነበር ልብ ይሏል። የፖርሽም ታሪክ ቢሆን ከዚህ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 የተገጠመላት ከቮልስ የተወሰደ 1,131 ሲሲ ሞተር ነው። ጉልበቱ 35 የፈረስ ጉልበት ብቻ! የመኪናዋ ክብደት ግን 585 ኪሎ ስለነበር በሰዓት እስከ 135 ኪሎ ሜትር ትፈተለክ ነበር። ዛሬ ስሙ የሚያስፈራው ድርጅት የጀመረው ከዚህ ነው።

ሜዳው ምን ይላል?

አሰልጣኝ ተጫዋች ከመምረጡ በፊት ሜዳውን ያያል። ከባሕር ጠረፍ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም የሚመጡ ቡድኖች ከእረፍት በኋላ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አየር ሲለምኑ ደጋፊው ብዙ ጊዜ አይቷል። ሞተርም እንደዚያው ነው፤ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነውና። በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ስሌት ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ሲሠራ የሚቀረው 76 አካባቢ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 526 ሜትር ብቻ ናት። የቆላው ሙቀት አየሩን ቢያሳሳውም ያው ሞተር እዚያ 90 ገደማ ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ "ይህቺማ አቅም የላትም" የተባለች ሞተር ጋምቤላ ስትወርድ ሌላ ሰው ትሆናለች። ይህን የማያውቅ ልጅ ሳያስፈልገው ትልቅ ሞተር ፍለጋ ገንዘቡን ያባክናል።

ሜዳው ግን ሌላም ጉድ አለው። በበጋ የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪን ይነካል። የሞተር ውኃ 90 ዲግሪ ላይ ቢሠራ አዲስ አበባ ላይ በ22 ዲግሪ አየር ሲቀዘቅዝ የሙቀት ልዩነቱ 68 ነው፤ ጋምቤላ ላይ 50 ብቻ ይቀራል። ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት ራዲያተሩ በሲሶ ያህል መስፋት አለበት ማለት ነው። ራዲያተር ላይ የቆጠበ ቴስታታ ይገዛል፤ ነገሩ ያለው ይኼ ነው።

ሌላው አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኩ ቤንዚኑን ይቀንስለታል። መኪናዋ በጎሬ በኩል ቁልቁል ወርዳ ባሮ ዳር ስትደርስ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በተቀነሰው ልክ ይቀራል። ድብልቁ ሲሳሳ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ጋዝ ሲደፈቅበት ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ሾፌሩ ያኔ የሚረግመው ሙቀቱን ነው። ጥፋቱ ግን ሞተሩን ለቆላ ሳያስተካክል ያወረደው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ተስተካክሎ የወረደ የቮልስ ሞተር በመጋቢት ቀጥ ቢል ሊገርም አይገባም።

ጋምቤላ ለሞተር እንግዳ አይደለችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ውል የንግድ ጣቢያ ሆና ከተቆረቆረች በኋላ በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች ቡና እየጫኑ በባሮ ወደ ካርቱም ይወርዱ ነበር። እነዚያ ጀልባዎች ግን በፈለጉት ጊዜ አይመጡም። ባሮ ሲሞላ ይመጣሉ፣ ሲጎድል ይቀራሉ። ያኔም ቢሆን ማሽኑ ለቦታው ይታዘዝ ነበር እንጂ ቦታው ለማሽኑ አልታዘዘም።

እጩዎቹ

የመጀመሪያው እጩ የቀድሞው ተሰላፊ ነው፤ ሌላ የቮልስ ሞተር። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያለውን ካምቢዮ ይገጥማል፣ ብሎኑ እንኳ አይቀየርም፣ ራዲያተር የለውም። ጉዳቱም ግልጽ ነው። ትልቁ 1,600 ሲሲ እንኳ ከ50 የፈረስ ጉልበት ብዙም አያልፍ። የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ብቻ ስለሆነ 40 ዲግሪ ላይ በመንደር መንገድ በዝግታ ሲነዳ ይቸገራል። ሞተሩም አርጅቷል። ዛሬ "አዲስ ነው" ተብሎ የሚሸጠው የቮልስ ሞተር ስንት ጊዜ ተከፍቶ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ሻጩም አያውቅ። የድሮ ኮከብን ለናፍቆት ሲሉ መልሶ ማስፈረም ደጋፊን ያስለቅሳል እንጂ ነጥብ አያመጣም።

ሁለተኛው ጋምቤላ ላይ ስሙ የገነነው ነው፤ የላንድ ክሩዘሩ ናፍጣ። ክልሉ ከ350 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠለለ በመሆኑ የእርዳታ ድርጅቶች ላንድ ክሩዘር በየመንገዱ ነው። የከተማዋ መካኒክም 4.2 ሊትሩን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። መለዋወጫውም አይጠፋም። ወጣቱን የሚያማልለውም ይኸው ነው። "130 የፈረስ ጉልበት! ምን ይፈለጋል?" ይላል። ኧረ ቀስ! ይህ ሞተር ከትንሽ የቤንዚን ሞተር በብዙ እጥፍ ይከብዳል። 600 ኪሎ የምትመዝን መኪና ጀርባ ላይ ሲጫን የፊት ጎማዋ መሬት መንካቱን ይረሳል፤ መሪው ይቀላል፣ መታጠፊያ ላይ ጭራዋ ትቀድማለች። የተሠራው ጭቃ ውስጥ ዕቃ እንዲጎትት ነው፤ ቶሎ ቶሎ መዞር አይወድም። አሰልጣኝ የተክለ ሰውነት ግዙፍ የሆነ ተከላካይ አግኝቶ "ክንፍ ላይ ላሰልፈው" ቢል ደጋፊው ምን እንደሚል የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ላዳ ነው። አዲስ አበባን ለዓመታት በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት ያገለገለው ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚነዳ ቀላል መኪና ነው። ከባዶ ተነስቶ ሞተሯ ከፊት የሆነ መኪና ለሚሠራ ሰው ከላዳ የተሻለ አስተማሪ የለም። የልጁ መኪና ግን ሞተሯ ከኋላ ነው። ላዳን ለማስገባት ሻንሲውን መቆራረጥ ይጠይቃል። ለአንድ ተጫዋች ሲሉ የቡድኑን አሰላለፍ በሙሉ ማፍረስ ይሆናል።

አራተኛው የሰሞኑ ወሬ ነው፤ ኤሌክትሪክ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህን እጩ መናቅ አይቻልም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ደጋውም ቆላውም ለእሱ አንድ ነው። ገና እግር ሲነካው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ በሚሸጥበት ከተማ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ማደር የሚያስቀና ነው። የሕዳሴው ግድብም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ተመርቋል። ታዲያ ለምን አይፈርም?

ምክንያቱ ባትሪው ነው። ከተጋጨ መኪና የሚወጣ ባትሪ ውስጡ ምን እንደደረሰበት በዓይን አይታይም። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘ ነገር ጓሮ ውስጥ በፕላየር የሚነካካ አይደለም፤ ሲሳሳቱበት ሁለተኛ እድል አይሰጥም። በዚያ ላይ ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው። የራሱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒዩተርም ከሌላ መኪና ጋር አልግባባም ሊል ይችላል። ጋምቤላ ላይ ይህን የሚፈታ መካኒክ እስኪበዛ ድረስ ኤሌክትሪኩ አካዳሚ ውስጥ ያለ ተስፈኛ ታዳጊ ነው። ይታያል፣ ይጠበቃል፤ ዛሬ ግን ቋሚ ተሰላፊ አይደለም።

ሥራውን የሚሠራው ልጅ

አምስተኛው እጩ ማንም ፖስተሩን ግድግዳ ላይ የማይለጥፈው ነው። የቪትዝ ሞተር! አንባቢ ሊስቅ ይችላል። ቪትዝ የሴት ወይዘሮ የገበያ መኪና፣ የራይድ መኪና እየተባለ ሲቀለድበት የኖረ ነው። ቁጥሩን ግን ማየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች 1 ሺህ ሲሲ ሞተር 70 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። 600 ኪሎ መኪና ላይ ሲገጠም በቶን ወደ 117 የፈረስ ጉልበት ይመጣል። 110 የፈረስ ጉልበት ይዞ 1,100 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና በቶን 100 ላይ ይቀራል። ላንድ ክሩዘሩማ ከ2 ቶን በላይ ክብደቱን ተሸክሞ 65 ላይ እንኳ አይደርስም። 1.3 ሊትሩ ሞተር ከተገኘ ደግሞ የባሰ ነው።

ይህን ያወቁት ሌሎችም ናቸው። የእንግሊዙ ካተርሃም እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቃት ሰቨን 160 የምትባለው የስፖርት መኪና የተገጠመላት 660 ሲሲ የሱዙኪ ሞተር ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያለው፣ 80 የፈረስ ጉልበት። መኪናዋ 490 ኪሎ ስለሆነች ግን ብዙ ስም ያላቸውን ከመብራት ላይ ትታቸው ትሄዳለች። ክብደት መቀነስ ጉልበት ከመጨመር ይበልጣል። ጉልበት የሚረዳው ቀጥታ መንገድ ላይ ነው፤ ቅለት ግን ፍሬን ላይም፣ መታጠፊያ ላይም፣ ቤንዚን ላይም ይረዳል።

አገጣጠሙም ለልጁ መኪና ተስማሚ ነው። የቪትዝ ሞተር ከነካምቢዮው ተጋድሞ የፊት ጎማን የሚነዳ ጥቅል ነው። ያንን ጥቅል እንዳለ አንስቶ ከሾፌሩ ጀርባ ማስቀመጥ የኋላ ጎማ የሚነዳ የስፖርት መኪና ይፈጥራል። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1972 ኤክስ 1/9ን የሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ ቶዮታም በ1984 ኤምአር2ን። የቮልሱ ካምቢዮ ይወጣል፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት ብረት በአዲስ ይበየዳል፣ የማርሽ ገመዱ ይረዝማል፤ ራዲያተሩ ሰፋ ብሎ ከፊት ይሆንና ቧንቧው በሆዷ ሥር ያልፋል። ሥራ አለው። ግን ጎበዝ በያጅ የሚወጣው ሥራ ነው።

ከዚያም በላይ ይህ ሞተር ቤንዚኑን የሚለካው በሴንሰርና በኮምፒዩተር ነው። ጎሬ ላይ ሌላ፣ ባሮ ዳር ሌላ አየር ሲያገኘው ራሱን ያስተካክላል፤ ካርቡሬተር የሚያመጣው ጣጣ የለም። ሲገዛ ግን ኮምፒዩተሩ፣ ሽቦው በሙሉ፣ ሴንሰሮቹ አንድም ሳይቀሩ አብረው መምጣት አለባቸው። ሶማሌ ተራ ላይ ሽቦው በመጋዝ የተቆረጠ ሞተር ረከሰ ብሎ የገዛ ሰው የገዛው ግማሽ ሞተር ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ለማንኛውም የቤንዚን ሞተር መርዝ ነው። ፋብሪካው ለውድድር አጥብቆ የሠራው ሞተር ግን ከሁሉ ቀድሞ ይሞታል፤ የቪትዙ የተሻለ ይታገሳል። ካንዴላውም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ቀበቶውም እንደ ልብ ይገኛል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሰው ያለው ቡድን ማለት ይህ ነው።

ፍሬንና ሊብሬ

ሁለት ነገር ግን ከሞተሩ በፊት ይመጣል። አንደኛው ፍሬን ነው። የድሮ ቮልስ ፍሬን ለ34 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ነው። ጉልበቱን እጥፍ አድርጎ ፍሬኑን እንዳለ መተው አጥቂ ገዝቶ በረኛ እንደመሸጥ ነው። ቪትዙ ሲፈታ የፊት ዲስክ ፍሬኑም አብሮ ይፈታ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ሞተሩ ይቆይ። ከጎሬ ቁልቁለት ጋር ድርድር የለም፤ ባሮ ድልድይ ላይ ልብስ ይዛ የምትሻገር እናትም የሙከራ ሜዳ አይደለችም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣውም መንገድ ላይ ያለው መኪና ወረቀት ላይ ካለው ጋር አንድ እንዲሆን ነው። ስለዚህ የቮልሱ ሊብሬ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቅ፤ ሞተሩም የመጣበት መኪና ሰነድ ከሌለው አይገዛ። ሰነድ የሌለው ሞተር ፓስፖርት እንደሌለው የውጭ ተጫዋች ነው። ልምምድ ላይ ቢያምርም ለጨዋታ አይበቃም።

እዚህ ላይ ግን ጥያቄው ወደ ልጁ ብቻ አይሄድም። በእንግሊዝ ሀገር በጓሮ የተሠራች አንዲት መኪና ለብቻዋ ቀርባ ፍሬኗ፣ መሪዋ፣ መብራቷ፣ ቀበቶዋ ተፈትሾ ሰሌዳ የምታገኝበት የታወቀ መንገድ አለ። ካተርሃምን የመሰሉ የትንንሽ ሠሪዎች ባህል የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ግን ብረት ቀጥቅጦ መኪና ሲያስነሳ ለአንድ ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፣ ይጨበጨብለታል፤ ከዚያ ቦሎ የሚለጥፍለት ያጣል። ጭብጨባ ሰሌዳ አይሆንም። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች "አይቻልም" ከማለት "ይህን፣ ይህንና ይህን አሟልተህ ና" የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ቢያወጡ ለሠሪውም ለእግረኛውም ይበጃል። ፈቃድ የሌለው ሠሪ መኪናውን አያቆማትም። ሌሊት ይነዳታል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

ጋምቤላ ለሀገሪቱ ኳስ የሰጠቻቸውን ልጆች ደጋፊው ያውቃቸዋል። ኡመድ ኡኩሪ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ በግብፅ ሊግ ተጫውቷል። ጋቶች ፓኖም ከኢትዮጵያ ቡና እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዢ ሲሄድ ቡና መሃል ሜዳው ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ ካታንጋም ሚስማር ተራም የተቀመጠ ሰው ያለ አስረጂ አይቶታል። ኳስ ሲቀማ፣ ሲያቀብል፣ ክፍተት ሲደፍን ስሙ ያልተጠራ ልጅ ሲታጣ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

የጓሮዋም መኪና የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ላንድ ክሩዘሩ ዕቃውን ይጎትት፣ ቮልሱ በክብር ይረፍ፣ ኤሌክትሪኩ ይደግ። ማሊያው ለቪትዙ ይሰጠው። ልጁም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሦስት ነገር ይቁጠር፤ ሽቦው ሙሉ ነው? ሰነዱ አለ? ለፍሬኑ ገንዘብ ተርፏል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ይፈርም። አንዱ ከጎደለ ግን መስኮቱ ቢዘጋም ይዘጋ፤ የሚቀጥለውን ይጠብቅ።